አባቴ ከወንበሩ ሲነሣ

ሊወስዱኝ የመጡ ጊዜ አባቴን ከወንበሩ እያስነሣሁ ነበር። አሥራ ሰባተኛውን ፎቶ አንስቻለሁ፤ ሃያ ሦስት ይቀረኛል። አባቴ የምለው ከሸክላ አፈር የሠራሁትን ነው፤ እውነተኛው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ አጥንቱ የመብራት ሽቦ፣ ሥጋው በሻማና በቫዝሊን የለወስኩት የተነፋ አፈር። ወገቡ ከወንበሩ ተላቋል። እጆቹ ገና የስፌት መኪናው ላይ ናቸው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው ስልኬን ከነማቆሚያው ሲያነሣ «ጠረጴዛውን አትንኩብኝ» አልኩ። ባልናገር ይሻል ነበር። ወዲያው ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ፈተሹ፤ መሳቢያውን አወጡ፤ መስኮቱ ላይ የነበረውን ደብተሬን አገኙ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ምን አደረገ? አፈር እኮ ነው የሚያቦካው!» ትላለች።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የጤፍ ገለባ ቀርቷል፤ ወለሉ ኑግ ኑግ ይሸታል። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆንን። በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ክፍተት አለ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በዚያ በኩል ብርሃን ገብቶ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው። ፎቶ ለማንሳት ጥሩ ብርሃን ነበር።

ቀጥሎ ያየሁት መምህሬን ነው። ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማረኝ ሰው፣ የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጧል።

«አንተም?» አለኝ።

«እኔም።»

«ደብተሩስ?»

«ወስደውታል።»

ዐይኑን ጨፈነ። «ቀይ እስክሪብቶዬ» አለ።

ደብተሩ የፊልም ድርሰት ነበር። እንዲህ ባለው ፊልም ሰው አይተውንም። አሻንጉሊቱን ጥቂት ታንቀሳቅሳለህ፣ ፎቶ ታነሣለህ፤ ደግሞ ጥቂት፣ ደግሞ ፎቶ። አሥራ ሁለት ፎቶ ተከታትሎ ሲያልፍ አንድ ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ «ሰውየው ተነሥቶ ወጣ» ብሎ ጽፎ ማለፍ አይቻልም። ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የትኛው እጁ ነው? አንገቱ ቀና የሚለው መቼ ነው? ሁሉም ይጻፋል። ያስተማረኝ የለም፤ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገብቶኛል፤ የጀመሩትን እንቅስቃሴ ትቶ መሄድ አይቻልም። ጠረጴዛው ነቅነቅ ካለ ወይም መብራቱ ከዞረ የሚቀጥለው ፎቶ ካለፈው ጋር አይገናኝም።

ፊልሙ አጭር ነው። ልብስ ሰፊው አባቴ በረንዳ ላይ ይሰፋል። ሰማዩ ያጉረመርማል። አባቴ ይነሣል፤ «ዝናብ!» ብሎ ይጣራል፤ ጎረቤቶቹ ወጥተው ደጅ የተሰጣውን በርበሬ ያነሣሉ። ይኸው ነው። በሕይወቱም ሰፈሩን የሚያስጠነቅቀው እንዲሁ ነበር። አነሣሡን የጻፍኩት በታመመበት ወር፣ አጠገቡ ተቀምጬ እያየሁት ነው። እሱ «ምንድን ነው የምትጽፈው?» ሲለኝ «የቤት ሥራ» እለው ነበር። ትምህርት ካቋረጥኩ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

መምህሬ ይህን ደብተር አንብቦ ጠርዙ ላይ በቀይ እርማት ጽፎልኝ ነበር።

በዚያ ክፍል ሌላው ሰው ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አልጋውን ይናፍቃል። እኔ ሃያ ሦስት ፎቶ እናፍቃለሁ። አባቴ ግማሽ ተነሥቶ ቆሟል። እህቴ አቧራ ልትጠርግ ብላ ታነሣው ይሆን? ድመቷ ትወጣበት ይሆን? ቀን ቀን ሰዎች ሲያወሩ ጣቶቼ ሳላውቀው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። መምህሬ አይቶ «የት ደረስክ?» ይለኛል። «ሃያ ላይ» እለዋለሁ። አንዴም አርባ ላይ አልደረስኩም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ደብተሬ ፊቱ ተከፍቷል። ከውስጡ አነበበ።

«‹ጭንቅላት ቁጥር ሦስት ይነቀላል፤ ቁጥር አራት ይገባል።› የማን ጭንቅላት ነው?»

«የአባቴ።»

«አባትህ ስንት ጭንቅላት ነው ያለው?»

«ስድስት። አንዱ ተሰንጥቋል።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ፤ መርማሪው ቀና ብሎ ሲያየው ሳል አስመሰለው። ሰው ሲናገር አፉ ስለሚለዋወጥ ለእያንዳንዱ የአፍ ቅርጽ አንድ ጭንቅላት እንደምሠራ አስረዳሁ። አልጻፈውም። ወደ ቀዩ ጽሑፍ አለፈ።

«‹ነጎድጓዱ እንደተሰማ ሰዎቹ አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ከቤታቸው ይውጡ።› ይሄ የአንተ እጅ ጽሑፍ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ነጎድጓዱ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ሊመጣ ሲል...»

«ልጅ አይደለሁም» አለ። አልተቆጣም።

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ደብተሩን መምህሩ እንደሰጠኝ፣ ቀዩ ትእዛዝ እንደሆነ፣ እኔ የተባልኩትን ብቻ እንደገለበጥኩ ይላል።

«አንተን አንፈልግህም» አለኝ። «ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። አሻንጉሊትህን ቀጥል።»

እውነቱን ልናገር፤ «ቀጥል» ሲል ያሰብኩት ሃያ ሦስቱን ፎቶ ነው። እስከ ነገ ላስብበት አልኩ። ፈቀደልኝ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ለመምህሬ ሁሉንም ነገርኩት።

«የጎረቤቶቹን ትዕይንት ቁረጠው ብዬህ ነበር» አለ። «እምቢ ስትል ነው ያረምኩት።»

«አሥራ አንዱንም ጎረቤት ሠርቼ ጨርሼ ነበር።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈርም» አለኝ። «እኔን ለማቆየት የአንተ ፊርማ አያስፈልጋቸውም። ሂድና ፊልምህን ጨርስ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እኔ ማወቄ አይበቃህም?»



አጠገባችን ከደንዲ ወረዳ የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን፣ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። አማርኛውን ግማሹን ይይዙታል፤ የቀረውን መምህሬን ይጠይቁታል። አሁንም «ማል ጄዳ?» አሉት፣ ምን ይላል ማለታቸው ነው። መምህሬ በኦሮምኛ ፊልሙንም፣ ዝናቡንም፣ ወረቀቱንም አስረዳቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አፈር እንደ ሰው ይነሣል ትላለህ?»

«ይነሣል፣ ኦቦ።»

«አሳየኝ እስቲ።»

አፈር አልነበረኝም። ብርሃኑ ግን ግድግዳው ላይ ደርሷል። ኦቦን እዚያ ብርሃን ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸው። ሌሎቹን ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ክፈቱ ስላችሁ የምታዩት እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ነው አልኩ። የኦቦን እጅ ከጉልበታቸው አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረግኩ። «ክፈቱ» አልኩ። «ጨፍኑ።» ትከሻቸውን ትንሽ ወደ ፊት አመጣሁ። «ክፈቱ። ጨፍኑ።»

ከእስረኞቹ አንዱ አምቦ ገበያ ጫማ የሚሸጥ ቀልደኛ ነበር። «ይሄ ልጅ ሊሰርቀን ነው፤ ኪሳችሁን ያዙ!» አለ። ሳቁበት። እሱም ጨፈነ።

ኦቦ ግማሽ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መምህሬ «ይብቃቸው፤ ደከሙ» አለኝ። ኦቦ ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ወይኔ፣ ራሴን ነቀነቅኩ! ተበላሸ?» ብለው ደነገጡ።

«አልተበላሸም» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእኔ «ክፈቱ፣ ጨፍኑ» እና የኦቦ ትንፋሽ ብቻ ነው። በመጨረሻ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ክፍተቱ ተመለከቱ፤ ይህን ያልኳቸው እኔ አይደለሁም። ከዚያ «ሮባ!» ብለው ጮኹ፤ ዝናብ ማለታቸው ነው።

ጫማ ሻጩ ዐይኑን ሳይከፍት «መጣ እንዴ?» አለ።

በማግስቱ መርማሪው ያን ወረቀት ሲያቀርብልኝ ባዶ ወረቀት ጠየቅኩት። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ሰጠኝ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ድርሰቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእኔ መሆኑን፤ ቀዩ ጽሑፍ መምህር ለተማሪው የጻፈው እርማት መሆኑን፤ የትኛውን እርማት እንደተቀበልኩ፣ የትኛውን እንዳልተቀበልኩ። የጎረቤቶቹን ብዛትና ቁመት፣ በርበሬው ከምን እንደተሠራም ጨመርኩ። ከቃሉ ጋር የሚያያዝ ቅጽ ነበር፤ ሥራ በሚለው ቦታ መርማሪው «የለውም» ብሎ ሞልቶታል። እሱን ሰርዤ «የፊልም ድርሰት ጸሐፊ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ራሴ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ለእህቴም ቢሆን። ሥሩ ፈረምኩ።

መርማሪው ቀስ ብሎ አነበበው።

«ይሄ ቤትህ አያስገባህም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመልሶ፣ «በርበሬውን ከክር?» አለ።

«ከቀይ ክር። ቆርጬ፣ በሙጫ አድርቄ።»

ወረቀቱን ከደብተሩ ጋር አያይዞ አስቀመጠው። ጠባቂው ወሰደኝ።

አምስት ወር ቆየሁ። መምህሬ ከእኔ ቀድሞ ወጣ፤ ለምን እንደያዙት እንዳልነገሩት ሁሉ ለምን እንደለቀቁትም አልነገሩትም። ኦቦን አንድ ጠዋት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ደብተሩም ስልኩም አልተመለሱልኝም። ቤት ስደርስ እህቴ ጠረጴዛውን አለመንካቷን ምላ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነበር፤ አቧራው ይመሰክራል። ግን በጋው አልፎበታል። በቆርቆሮው ሙቀት ሻማው ላልቶ አባቴ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ድርሰቱን ከትዝታዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። በርበሬውም ጎረቤቶቹም በቀላሉ መጡ። አባቴ የሚነሣበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የትኛው እጁ እንደነበረ አላስታውስም። ዐይኔን ጨፍኜ ስከፍት የሚመጡት ኦቦ ናቸው፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ። ባለፈው ክረምት እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት፤ የራሳቸውን መነቅነቅም ጨመርኩበት። በእህቴ ስልክ አርባው ፎቶ አልቋል። መምህሬ አይቶት ምንም አላረመም።

ለኦቦ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የወረዳቸው ከተማ ጊንጪ ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ኦቦ ብቻ እንላቸው ነበር እንጂ ስማቸውን የጠየቅናቸው የለም፤ ቀበሌያቸውንም አላውቅ። ደንዲ ሰፊ ነው።