የአሪፋ አልጋ አድራሻ

የሐይቅ ከተማው ኢስሃቅ ሳዑዲ፣ ጅዳ ውስጥ ስድስት ዓመት የጥበቃ ካሜራ ሲሰቅል ኖሮ በአንድ ሻንጣ የተመለሰ ሰው ነው። ቪላ ይሠራል ብለው የጠበቁት ጎረቤቶቹ ሞባይል ጠጋኝ ሆኖ ሲያዩት አዘኑ፤ ሐዘናቸው ግን ለቪላው ነበር።

እናቱ አሪፋ ግማሽ አካላቸው ዝሎ አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ፣ አልጋቸው ፊት ድምፅም የሚያስተላልፍ ካሜራ ሰቀለ። እዚያው ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ነጅዋ እንድታያቸው ነው። አሠሪዎቿ ስልኳን የሚሰጧት ከዐሱር ሶላት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ደመወዝ ሲከፍሉ ነፍሷንም የገዙ የሚመስላቸው ጉዶች።

ካሜራውን ከሩቅ ለመክፈት የቤቱ ኢንተርኔት አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻውም የቁጥር ተርታ ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ ኢስሃቅ በአሮጌ ላፕቶፕ አንዲት ፕሮግራም ጻፈ፤ አድራሻው ሲለወጥ አዲሱን ቁጥር ራሷ ለነጅዋ በኢሜይል ትልካለች። ነጅዋ ኢሜይሏን ከጉዞ ፎርሟ ላይ ገልብጣ ሰጥታዋለች።

በዘጠኝ ቀን አሥራ አንድ መልእክት ሄደ። ካሜራውን የከፈተ የለም። ኢስሃቅ «ሰልችተናታል» ብሎ ተቀየመ። በአሥረኛው ቀን የድምፅ መልእክቷ መጣ።

«ኢስሃቅ፣ እማ ሞታለች አይደል? ካሜራውን ያላሳየኸኝ ለዚህ ነው። ወላሂ አልጮህም፣ ንገረኝ።»

ልጅቱ አላበደችም። እኛ ባሕር ማዶ ካለ ሰው መርዶ እንደብቃለን። የተቀበረን ሰው «ደኅና ነው፣ ተኝቶ ነው» እያልን ዓመት እናከርማለን፤ ለውሸታችንም አዘኔታ የሚል ስም አውጥተንለታል። ታዲያ አሁን ፎቶ ቢልክላት በምን ትመነው?

«ኢሜይልሽን አታይም እንዴ?» አላት።

«የቱን? እሱማ አያ ሽታው ጋ ነው።»

ሽታው የውጫሌ ደላላ ነው፤ በየስብሰባው «የሥራ ዕድል ፈጣሪ» እየተባለ የሚጨበጨብለት። ሴቶቹን ወደ ዓረብ አገር ሲልክ ኢሜይል ይከፍትላቸዋል፣ ፓስወርዱን ግን ኪሱ ያስቀራል። ጠይቃው የምታውቅ የለችም፤ የሱ ይመስላቸዋል። ኢስሃቅ ሌላ ኢሜይል መክፈት አያቅተውም ነበር፤ የእህቱ ስም በደላላ ኪስ መክረሙ ግን አንገበገበው። በማግስቱ በሚኒባስ ውጫሌ ሄዶ ሻይ ሲጠጣ አገኘው።

«አያ ሽታው፣ የነጅዋን ኢሜይል ፈልጌ ነው።»

«ቁጥር ብቻ የሚልከው አንተ ነህ? እኔ እኮ የሎተሪ ሌባ መስሎኝ ስሰርዝ ከረምኩ።»

«የስንት ሰው ይዘሃል?»

«ያሻገርኳቸው ሁሉ አለ። አብሽር፣ አይጠፋም። ፓስወርዱ የሁሉም አንድ ነው፣ የኔው የልደት ቀን።»

ኢስሃቅ ቀኑን ጠየቀው። እዚያው ቆሞ የነጅዋን ፓስወርድ ለወጠና ለነጅዋ ላከ፤ አከፋፈቱንም በድምፅ አስረዳት።

ያን ዕለት ከዐሱር በኋላ ነጅዋ ሽታው ገና ያልሰረዘውን የመጨረሻ መልእክት አግኝታ ቁጥሩን ነካች። አሪፋ በደኅናው እጃቸው የሙስበሃ ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። «ጣቷ ይንቀሳቀሳል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ግማሽ ሰዓቷን እናቷ አልጋ ፊት ታሳልፍ ጀመር።

አሪፋ በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ካሜራውን ንቀለው፣ ልጅቱ በሰው አገር ትሰበራለች» አለው። ኢስሃቅ አልነቀለም። ጠዋት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበርና አዲሱ አድራሻ ደርሷታል። ከቀብር ተመልሶ አልጋው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ ተቀመጠ።

ነጅዋ በሰዓቷ ከፈተች። ፍራሹ ተጠቅልሏል።

«መቼ?» ብላ ጻፈችለት።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ላይ» አላት ካሜራውን እያየ።