ኮረብታው ላይ በመስታወት የተነሳሁት ፎቶ

ልጄ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ፎቶግራፍ የምትማር ናት። አስተማሪዋ ከተማዋ ገና ድንኳንና የቆርቆሮ ቤት ብቻ ሳለች የተነሱ ፎቶዎች አሳይቷቸው ነበር። ያኔ ፊልም አልነበረም፤ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። ልጄ ለመመረቂያዋ የዛሬዋን ከተማ በዚያው ዘዴ ማንሳት መረጠች። ትምህርት ቤቱ ካሜራውን ያዋሳት ለአንድ ቀን ነው።

ትሮይቪል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን። መስታወቱ ላይ መድኃኒት ይፈስበታል፤ ሳይደርቅ ማንሳት፣ ሳይደርቅም በትንሿ ጥቁር ድንኳን ውስጥ ማጠብ ያስፈልጋል። ነፋሱ አቧራ እያመጣ ከያዘቻቸው ሦስት መስታወቶች ሁለቱን አበላሸባት። አንድ ቀረ። እሱም ከተበላሸ ዘንድሮ አትመረቅም።

"እማ፣ እዚያ ቁሚልኝ። ሰው ከሌለበት የከተማው ትልቅነት አይታወቅም" አለችኝ። "ግን ንቅንቅ እንዳትዪ።"

"እስከ መቼ?"

"ከቅዳሴ ያጥራል።"

"መቋሚያ አላመጣሁማ።"

ሳቀች።

የካሜራውን ክዳን አንስታ በሹክሹክታ መቁጠር ስትጀምር፣ ሦስት ሰዎች ዞረው ከኋላዋ ሲወጡ አየሁ። ከኮረብታው ሥር ባለው አሮጌ ፎቅ የሚኖሩ ናቸው። ሕንፃው ሊፈርስ ነው ስለተባለ ሰፈሩ ሰሞኑን ታውኳል። ባለሦስት እግሩን ካሜራ ሲያዩ የቀያሽ መሣሪያ መሰላቸው።

"ማነው የላካችሁ? ቤታችንን ለማን ነው የምትለኩት?" አለ ትልቁ በዙሉ። ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ሱቅ ስለምሠራ ዙሉ እሰማለሁ።

መጮኽ ፈለግሁ። አፌን ብከፍት ግን ፎቶው ይበላሻል፤ የልጄ ዓመትም አብሮ ይሄዳል። በሆዴ "እመቤቴ፣ ልጄን" አልኩ።

ልጄ ዞር ሳትል፣ እንደ ዙሉዎቹ "ባባ"፣ አባቴ፣ ብላ መለሰችለት። "አንለካም፣ ባባ። እናቴን ፎቶ እያነሳሁ ነው።"

"ፎቶ? ስልክ የለሽም?" እጁን ወደ ካሜራው እግር ሰደደ።

"ባባ፣ እባክህ! ከነካኸው እናቴ ትጠፋለች።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። አየኝ። ዓይኔን አላርገበገብኩም።

"በሕይወት አለች?" አለ። አንዱ ጓደኛው ሳቀ። ሌላው አልሳቀም።

ልጄ ክዳኑን መለሰች፤ መስታወቱን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሰውየው ደጁ ላይ ቆመ። "ፎቶ ከሆነ አሳዩን። ሳናይ አትሄዱም።"

ስትወጣ መስታወቱ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ምንም አይታይም።

"ይኸው ነው?" አለ።

ልጄ ሌላ መድኃኒት አፈሰሰችበትና ጥቁር ጨርቅ ላይ ያዘችው። ነጩ ቀስ እያለ ለቀቀ። መጀመሪያ ነጠላዬ ወጣ፤ ከዚያ ፊቴ፣ ከኋላዬ ፎቆቹ።

ሰውየው ጎንበስ አለ። ቆይቶ፣ ሳይነካ፣ በጣቱ አመለከተ። "የኛ መስኮት። ሚስቴ ያሰጣችው ብርድ ልብስ።" ከዚያ ልጄን አያት። "ቤቱን ቢያፈርሱትም ይኼ ይቀራል?"

"ካልተሰበረ ይቀራል፣ ባባ። ለአንተም በስልኬ አንስቼ እልክልሃለሁ።"

"አሁን ስልክ ተገኘ!" አለ። ሦስቱም ሳቁ።

ሰውየው ሊያግዘን የካሜራውን እግሮች ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወርድ፣ ከታች ተሰብስበው ለሚጠብቁት ጎረቤቶቹ "ቀያሾች አይደሉም!" ብሎ ጮኸ። ልጄ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ተከተለችው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተመስገን አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።