የእትዬ የሺ ሚስማር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ በቤተ ሙከራ የሠራችውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እያሳየችኝ፣ «መምህር፣ ክፍሉ አርባ ዲግሪ ገብቷል» አለችኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሁለታችንም ሹራብ ደርበናል። ሙቀቱን ያነበበችው ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የምታዘው ትንሿ ቺፕ፣ በሆዷ ከያዘችው መለኪያ ላይ ነበር። ላስረዳት አፌን ስከፍት ፊቴ ጋለ። ልጅቷ የተቆጣሁ መስሏት ደነገጠች።

እኔ ይህንኑ ስህተት የሠራሁት ወረታ ነው፤ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ እናቴ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት። ያኔ ሥራ ያጣ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ ይባል ነበር። እኔም ጫጩት የሚያስፈለፍል ሳጥን ሠርቼ አገር ጉድ ላሰኝ ተነሳሁ። ከሩዝ ወፍጮ ቤት የሚጣለውን ገለባ በጆንያ ተሸክሜ አመጣሁ፤ ፎገራ ውስጥ ገለባ ለወሰደ ማን ምን ይለዋል? የሳጥኑን ግድግዳ በሱ ጠቀጠቅሁ። ቺፗንም ከነሰሌዳዋ በቆርቆሮ አድርጌ፣ ብርድ እንዳይነካት ብዬ፣ እዚያው ገለባ ውስጥ ቀበርኳት። አምፖሉን የምታበራውም የምታጠፋውም እሷ ናት። ቺፗ የራሷ ሙቀት መለኪያ እንዳላት ከመመሪያው ላይ ያገኘሁ ዕለት ደረቴ አብጦ ነበር። ሌላ መለኪያ መግዛት የማያውቅ ሰው ሥራ ነው አልኩ።

እንቁላሉ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ነው። በዚያ ዓመት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ዶሮዎቻቸውን ጠራርጎ አንዲት ገብስማና አንድ አውራ ብቻ ቀርተዋቸዋል። ጊዜው ሁዳዴ በመሆኑ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ፣ ገብስማዋ የጣለችውን ሁሉ አጠራቅመው ሊያስታቅፏት ነበር። እኔ ነኝ ይተዉ ያልኳቸው።

«የዶሮ ዘሬ እሷ ብቻ ናት፣ ልጄ። ታውቅበታለህ አይደል?»

«እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ዝም ብለው ይዩኝ!»

በቃሌ ተማምነው ገብስማዋን ባፍንጫዋ ላባ ሰክተው መታቀፍ አስተዉአት። እንቁላሎቹን ሲያመጡልኝ ከመሀላቸው አንድ የዛገ ሚስማር ነበረ። መብረቅ ሲያጓራ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል በእኛ አገር ብረት አብሮ ይቀመጣል። ሳቅሁ። ሳጥኑን ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች እያዩ ሚስማሩን ወደ ጓሮ ወረወርኩት። እትዬ የሺ እስከወደቀበት ድረስ በዐይናቸው ተከተሉት።

ሰሌዳዋ ሠላሳ ሰባት ከግማሽ እያለች ሰነበተች፤ እኔም በእሷ ተማምኜ እንቅልፌን ተኛሁ። አንድ ማታ በጣና በኩል ሰማዩ አጓራ። በዚያው ሰሞን ፈንግሉ ተመልሶ ገብስማዋንም አውራውንም ወሰዳቸው። ከዚህ በኋላ የእትዬ የሺ ተስፋ የኔ ሳጥን ብቻ ሆነ። በየጠዋቱ እየመጡ ጆሯቸውን ከሳጥኑ ክዳን ላይ ያሳርፉ ነበር።

የመፈልፈያው ቀን ደርሶ አለፈ። አንድም እንቁላል አልተነቆረም። ብሰብረው ግማሹ ደም ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይሞላ የቀረ ጫጩት። ከጤና ጣቢያ የበሽተኛ ቴርሞሜትር ለምኜ ሳጥኑ ውስጥ ባስቀምጠው ሜርኩሪው ከመነሻው፣ ከሠላሳ አምስት፣ አልነቃነቅ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቺፕ ስትሠራ ትሞቃለች፤ በገለባ ቀብሬያት ደግሞ ሙቀቷ መውጫ አጥቷል። ስትነግረኝ የኖረችው የራሷን ትኩሳት ነው። በቃ ሞቋል ብላ አምፖሉን ታጠፋለች፣ እንቁላሎቹ ይበርዳቸዋል።

ሄጄ ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቹ ጫጩት ሊያዩ ተሰብስበው መጡ። አንዷ «እህ፣ ኢንጂነሩ፣ የታሉ?» ብላ ወደኔ ዞረች።

«ተይው፣ እሱ ምን ያርግ?» አሉ እትዬ የሺ። «ሚስማር ማስቀመጡን እኔ ረስቼ መብረቅ መታብኝ።»

ሚስማሩን ስወረውር ያዩ ሰዎች እዚያው ቆመው ነበር። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም፣ ከሁሉ የባሰው እኔ፣ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ቀለል እንዳለኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል።

ለተማሪዬ የነገርኳት ስለ ቺፗ ብቻ ነው፤ መለኪያውን አውጥተሽ ከምትለኪው ነገር አጠገብ አድርጊው አልኳት። የቀረውን ለማን ይነግሩታል? ባለፈው ፋሲካ ወረታ ወርጄ እትዬ የሺን ልጠይቅ ገባሁ። አርጅተዋል። ዶሮ ልታስታቅፍ እንቁላል የምትደረድረውን የልጃቸውን ሚስት ከመደባቸው ላይ ሆነው ይመክራሉ።

«ሚስማሯን እንዳትረሺ፣ ልጄ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ዘሬ ጠፋ።»

ጠላዬን እንደያዝኩ አቀረቀርኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ አሁንም አፌ አልተከፈተም። እትዬ የሺ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ምነው አላበህ፣ ልጄ? ሞቀህ እንዴ?» አሉኝ።