አባ ተንፍስ

ማዳመጫውን ደረታችን ላይ ባሳረፉ ቁጥር «ተንፍስ! ተንፍሺ!» ስለሚሉ ሰፈሩ ሁሉ አባ ተንፍስ ይላቸው ነበር። ሃያ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ድሬሰር ሆነው ሠርተዋል። ባለቤታቸው በወሊድ ስታርፍ እሳቸው ባሕር ላይ ነበሩ፤ መርዶውም የደረሳቸው ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መርከብ አልተሳፈሩም። የሰፈራችንን የመርከበኞች ማኅበር ለምነው የገመድና የቀለም ማከማቻ የነበረችውን ክፍል ክሊኒክ አደረጓት። ሁሉም በየወሩ አቅሙ የቻለውን ያዋጣል፤ ያጣም ይታከማል። እናቶቻችን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ከባሎቻቸው የመጣውን ደብዳቤ ይነባበባሉ፤ እኛ ልጆቹ ሚዛኑ ላይ እየወጣን እንሰደባለን።

አባቴ የመርከብ መካኒክ ነበር። አንድ ጊዜ ከአሥር ወር ጉዞ ልብሱ ሰፍቶት፣ እያሳለ ተመለሰ። በሽታ ከተገኘበት እንደማያሳፍሩት ስለሚያውቅ አልታከምም ብሎ ድርቅ አለ። እናቴ ግን እየጎተተች ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ።

አባ ተንፍስ ጀርባውን አዳምጠው አዳምጠው፣ «ሳሉ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉት።

«ብርድ ነው ጋሼ። ሦስት ወር ቢሆነው ነው።»

«ብርድ ሦስት ወር ቤት ተከራይቶ አይቀመጥም!»

አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። አባቴ ብድግ አለ። «የልጄን ጉሮሮ ሊዘጉ ነው?»

አልተቆጡም። «ስንቱን መርከበኛ ሳክም ሚስቴን አላስታመምኳትም» አሉት ቀስ ብለው። «አንተን ሚስትህ ታስታምምህ። ስድስት ወር ብቻ ስጠኝ።»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

በየማለዳው እፊታቸው መድኃኒቱን ይውጣል፤ ከዚያ ቦርሳዬን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ እንኳ ያወቀው ያኔ ነው። መንገድ ላይ ስለ ሞተር ሲያወራልኝ እንዳይቋረጥ ብዬ እግሬን እጎትት ነበር።

በስድስተኛው ወር ድኗል ብለው ፈረሙለት። እናቴ እልል አለች። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ አባ ተንፍስ።

«ትንሽ ሳል ቢተርፈው ምን ነበረበት?»

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና፣ «ሄዶ ይመለሳል» አሉኝ።

አባቴ መርከብ ተሳፈረ፤ ተመለሰም። ዛሬ አባ ተንፍስ የሉም፤ ክሊኒኩም ባለ ፎቅ ሆኗል፤ ክፍያው ግን አሁንም ለመርከበኛ ቤተሰብ አይከብድም። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እናቴን ለደም ግፊቷ እሱ ነው የሚወስዳት። ወረፋ ሲጠብቁ ይጨቃጨቃሉ አሉ።