ግራ እግራቸው ላይ የምትተኛው ቁራጭ

ከፀጉር ቤታችን ጎን ያሉት ልብስ ሰፊ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ፣ ልጃቸው ደግሞ ሩቅ ናት። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ፊት ለፊት የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። በቃ።

አይ፣ ቁራጭም አለች! ውሻቸው ናት። ቡችላ ሆና የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ውስጥ ተኝታ ስላገኟት ነው ስሟ። ሲሰፉ ግራ እግራቸው ላይ ተጋድማ ትውላለች፤ እሳቸው ፔዳሉን በቀኙ ብቻ ይረግጣሉ። ሰው ሲስቅባቸው «ግራ እግሬ እረፍት ላይ ናት» ይላሉ።

እኔ ደንበኛ ሲጠፋ እሳቸው ጋ ሄጄ እለፈልፋለሁ። ስለ ውሻ ከተነሳማ ማን ያስቆመኛል!

አንድ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ፣ «ቁራጭን አየሃት? አደብ ገዛች እኮ! ሰው ሲመጣ አትዘል፣ አትጮህ» አሉኝ፣ መኪናውን እያንጫጩ።

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ተኝታለች፣ እንቅልፍ ግን አይደለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷ ታለከልካለች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል። የፊት መዳፏን ትልሳለች፣ ትልሳለች፣ አታቆምም። የማታ ምግቧ ሳህኑ ላይ ደርቋል።

«ጋሼ፣ ይሄ አደብ አይደለም። አሟታል።»

«አንተ ለፍላፊ! ቢያማት አትጮህም?»

«ውሻ እኮ ሕመሙን ይደብቃል። እስቲ መኪናውን ያቁሙት።»

አቆሙት። ያኔ ሰማናት። ቀጭን፣ ዘይት ያጣ በር የመሰለ ድምፅ፣ በየትንፋሿ። ስንት ቀን በመኪናው ጩኸት ስር እንዲህ ስትል ኖራ ይሆን?

ጋሼ እጃቸውን ሲዘረጉ ጥርሷን አሳየቻቸው። እሳቸውን! ደንግጠው ከመሳቢያው የጉልበታቸውን ክኒን አወጡ። «ግማሹን ልስጣት።»

«ኧረ እንዳያደርጉት! የሰው መድኃኒት ሊገድላት ይችላል!»

መዳፏን ሳንነካ በብርድ ልብስ ጠቅልለን እንስሳት ሐኪሟ ጋ ወሰድናት። ሐኪሟ አደንዝዛ ከመዳፏ ውስጥ በወረንጦ ሳበችው፤ የተሰበረ የመርፌ ጫፍ! «ትንሽ ብትቆዩ እግሯ አይተርፍም ነበር» አለች።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። እሳቸው እኮ መርፌ ሲሰበር ወለሉን በማግኔት ፈልገው ሁለቱን ስባሪ ሳያገጣጥሙ ሥራ የማይቀጥሉ ሰው ናቸው። እኔ ራሴ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ።

«መርፌው የተሰበረ ቀን ልጄ ደወለች» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ። ስልኩን ለማንሳት ሮጥኩ… ከዚያ ረሳሁት።»

ቁራጭ ዳነች። መኪናው ስር ግን አትገባም። ጋሼ ወለሉን ሦስቴ በማግኔት ዳሰሱ፣ «ነይ እንጂ፣ ጠርጌዋለሁ እኮ» እያሉ ለመኑ። ከደጃፉ አትነቃነቅም። እሳቸው አሁንም በቀኝ ብቻ ነው የሚረግጡት፤ ግራው ባዶውን ተዘርግቶ ይውላል። ደግሞ በየመሀሉ መኪናውን ያቆሙና ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

አሁን አሁን የሚተከል ቁልፍ ወይም የሚታጠፍ የቀሚስ ዘርፍ ሲኖር በርጩማቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ በእጃቸው ይሰፋሉ። ግራ እግራቸውን ወደ እሷ ያስጠጋሉ። እስካሁን አልተኛችበትም።

ትናንት ግን አሸተተችው።