ኪልቱን የሸፈነው ነጠላዬ

ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ በልጅ ልጄ ሰርግ ላይ፣ የሙሽራው አባት ጉርድ ቀሚስ የመሰለ ልብስ ለብሰው፣ ጉልበታቸው እየታየ ገቡ።

ስኮትላንዳዊ ናቸው። ልብሱ ኪልት የሚባል የክብር ልብሳቸው መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር።

እኔ ግን ጉልበት ማሳየት በሚያስገርፍ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና፣ ነጠላዬን አውልቄ ወገባቸው ላይ አሸረጥኩላቸው። ራሴ የአገሬን ቀሚስ ለብሼ!

ሰውየው ወጋችን መስሏቸው እጄን ሳሙ። ፎቶውን ሁሉ በነጠላዬ ተሸፍነው ተነሡ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! የሟች አባታቸው ኪልት እኮ ነው፤ ለፎቶው ብለው ነው የለበሱት» አለችኝ ሙሽሪት ልጅ ልጄ።

ሲሰናበቱኝ ነጠላውን አጣጥፈው መለሱልኝና ስላከበርኳቸው አመሰገኑኝ። እኔም እንደሚገባኝ ሰው ምስጋናውን ተቀበልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እናንተስ፣ የበደላችሁት ሰው አመስግኗችሁ ያውቃል? እውነቱን ነገራችሁት?