የጎመኑ ሰማንያ ቀን

ከተጠየቅሁት በላይ መመለስ የቆየ አመሌ ነው። አራት ኪሎ ስለ ዕፅዋት አስተምራለሁ፤ ሃያ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ዝም በል ሲሉት ያመዋል። በእናቴ ላይ ያመጣሁባት ጣጣም ከዚሁ አመሌ የመጣ ነው።

እናቴ አፍንጮ በር፣ አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማጠቢያው አንድ ነው። የእሷ ብቻ የሆነው ከመስኮቷ ሥር ያለው የጎመን መደብ ነው። የእሷ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ግቢው በሙሉ ይቀነጥሰው ነበር። "እትዬ፣ አንድ እፍኝ ልውሰድ?" ብለው በሯን ያንኳኳሉ፤ እሷም "መጀመሪያ ቁጭ በሉ" ትላለች፤ ከዚያ ጨዋታ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቷን ሰው የማያጣው በዚያ ጎመን ሰበብ ነበር።

አምና የእንቅርት ዕጢዋ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የቀረ ካለ እንዲያጠፋላት ደግሞ ጨረር ያለው አዮዲን ዋጠች። ወደ ቤቷ ስትሸኝ የተነገራት ግልጽ ነበር፤ ለተወሰነ ቀን ለብቻዋ እንድትተኛ፣ ሕፃናት እንዳታቅፍ፣ ሽንት ቤት ስትጠቀም ብዙ ውሃ እንድትደፋ። እናቴ ግን ይሉኝታዋ ከሐኪም ትእዛዝ ይበልጣል። ገላዋንና ልብሷን ያጠበችበትን ውሃ የሰው ልጆች በሚረማመዱበት የጋራ ማጠቢያ ላይ መድፋት ከበዳት። በራሴ መደብ ብደፋው አፈሩ ይውጠዋል፣ ማንን እጎዳለሁ ብላ፣ ለማንም ሳትነግር፣ እያጎነበሰች ጎመኑ ሥር አፈሰሰችው።

ይህን የነገረችኝ በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ ነው። ገና ተናግራ ሳትጨርስ በመስኮት ሳይ፣ ግድግዳ የሚጋሯት የወሎዋ እማማ ሳህናቸውን ይዘው መደቡ ላይ አጎንብሰዋል። አርባ ዓመት ጎረቤቷ ናቸው።

"እማማ፣ እንዳይቀነጥሱ!" ብዬ እየጮህኩ ወጣሁ።

"ምነው ልጄ? እባብ አየሽ?" አሉ ደንግጠው።

ነገሩን ነግሬያቸው "ሦስት ወር ይቆይ" ብዬ ማብቃት እችል ነበር። እኔ ግን ማስተማር ጀመርኩ። ሥር ውሃ ሲስብ በውሃው የሟሟውንም አብሮ እንደሚስብ፣ የሚበጀውንና የማይበጀውን አጥርቶ እንደማይለይ ነገርኳቸው። ሴዚየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ፖታሲየምን ስለሚመስል በፖታሲየም መግቢያ ሾልኮ ይገባል፤ ስትሮንቲየምም ካልሲየም መስሎ እስከ ቅጠሉ ይደርሳል። ሸክላ የበዛበት አፈር ሴዚየምን አጥብቆ ይይዘዋል፣ አሸዋማው ይለቀዋል። ስለ ሴዚየም ማን ጠየቀኝ? በእናቴ ጎመን ውስጥ እንኳን ሴዚየም ወሬውም አልነበረም። የእሷ አዮዲን ነው፤ እሱም በየስምንት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሰማንያ ቀን ሲሞላው ከሺህ አንዱ እንኳ አይተርፍም። ይህንንም ተናግሬያለሁ፤ መጨረሻ ላይ። እማማ ግን ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ቤታቸው አዙረው ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳይመሽ ወሬው ግቢውን አዳረሰው። ክፉ የተናገረ የለም። ሰላምታው እንደ ወትሮው ነው፤ "እንዴት ዋሉ፣ ተሻለዎት?" ይሏታል፣ ከደጅ ሆነው። ሐኪሟ የሰጣት ቀን ካለፈ በኋላም ገብቶ የሚቀመጥ ጠፋ። እናቴ የማይቀነጠሰው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ሲረግፍ በመስኮት ታያለች።

"ነቅዬ ልጣልልሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"የታመምኩት እኔ፣ የሚነቀለው እሱ?" አለችኝ።

ያን ሰሞን በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ሰማንያኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ከባልደረባዬ የጨረር መለኪያ ተውሼ መጣሁና ጎረቤቶቹን ጠራሁ። እናቴ በሯ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። መለኪያውን ጎመኑ ላይ ሳስጠጋው ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

"ይኸው!" አለ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

መለኪያውን ወደ ግቢው የድንጋይ ግንብ ወሰድኩት። እዚያም ጠቅ ጠቅ አለ፤ እንዲያውም ትንሽ ባሰበት። ድንጋይም አፈርም ከጥንት ጀምሮ የራሱ ጥቂት ጨረር እንዳለው፣ የጎመኑ ግን ከዚያ እንደማያልፍ አስረዳሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ።

ልብስ ሰፊው ግንቡን ትክ ብሎ አየውና "በቃ፣ ግንቡን ከዛሬ ጀምሮ አልበላም። ጎመኑን አምጡ" አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የወሎዋ እማማ ሳህናቸውን አምጥተው ለጋ ለጋውን መቀንጠስ ጀመሩ። እናቴ አልሳቀችም፤ ወደ ውስጥ ገብታ መቀመጫዎቹን መወልወል ያዘች።

ለምሳ እሷ ቤት ሞላን። ጎመኑ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተሠርቶ፣ ከአይብ ጋር ቀረበ። ሁሉም ያነሳል፣ ያወራል፣ ይጎራረሳል። እኔ ለካ በአይቡ በኩል ብቻ እየበላሁ ኖሯል። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም። ያወቀችው እናቴ ናት። ጎመን ብቻ ጠቀለለችና እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። አፌ እሺ አላለኝም።

"ሰዉን ሁሉ አስረድተሽ አሳመንሽ" አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፤ "አንቺን ማን ያሳምንሽ?"

እጇን ግን አላወረደችም። ጎረስኩ። ጎመኑ ንጹሕ እንደሆነ፣ እሷም ንጹሕ እንደሆነች ከሁሉም በላይ አውቅ ነበር። ያን ሰማንያ ቀን ሙሉ ግን አንድም ጊዜ የእናቴን ጉንጭ አልሳምኩም ነበር።